ሌባ ቼክ ይልካል እንዴ?

ሰው ተታለለ ሲባል ሰምታችሁ «እንዴት ይህን አያውቅም?» ብላችሁ ፈርዳችሁ ይሆናል። እኔም እፈርድ ነበር። በሬዲዮ የተጭበረበረ ሰው ታሪክ ሲወራ «ሞኝ!» ብዬ ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር። አሁን የማጫውታችሁን ስትሰሙ «ይህችም ሞኝ ነች» ብትሉ አልቀየማችሁም። ሞኝነቴ ለራሴ ብቻ ተርፎ ቢሆን ኖሮ ብዕርም ባላነሳሁ። የበላው ግን አባቴን ነው።

ሰዓዳ እንድሪስ እባላለሁ። የተወለድኩት ከመርሳ ዝቅ ብሎ በሚገኝ የሐብሩ ወረዳ መንደር ነው። አባቴ በመስኖ ማንጎና ብርቱካን የሚያለማ ገበሬ ነበር። እኔ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስሆን ከመንደራችን ሴቶች ደግሞ ኮሌጅ የገባሁ የመጀመሪያዋ ነኝ። የአካውንቲንግ ዲፕሎማዬን ከወልድያ ይዤ የመጣሁ ቀን አባቴ በግ አርዶ፣ «የተማረ ይግደለኝ!» እያለ ጎረቤቱን ሲያበላ ዋለ። ከዚያ በኋላ ዲፕሎማው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ እኔም ከዲፕሎማው ጋር ቤት ዋልኩ።

ዘመኑ ኢሕአዴግ «ሥራ ፈጣሪ ሁኑ እንጂ ሥራ ጠባቂ አትሁኑ» የሚልበት ነበር። ቀበሌ ሄጄ ስመዘገብ «ተደራጂና ኮብልስቶን ሥሪ» አሉኝ። ድንጋይ መጥረብ ነውር አይደለም። አብረውኝ የተማሩ ልጆች ጠርበው ትዳር መሥርተውበታል። እኔ ግን እልኸኛ ነበርኩ፤ ሒሳብ ተምሬ ድንጋይ አልጠርብም አልኩ። የሰው ፊት እሳት ነውና ውሎ አድሮ ጎረቤት «እስካሁን ቤት ነሽ?» ሲለኝ ፊቴን በሻሽ ሸፍኜ ማለፍ ጀመርኩ።

በዚያን ሰሞን ቅርባችን ባለችው ሐራ ከተማ የባቡር ሐዲድ ሥራ ተጀምሮ አገሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እገሌ ማሽን ይነዳል፣ እገሌ ጥበቃ ተቀጠረ፣ እገሊት ለሠራተኞቹ ካምፕ ሽንኩርት ታቀርባለች ይባላል። ከባቡሩ ምንም ያልደረሰኝ እኔ ብቻ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር። በየሳምንቱ ወልድያ እየሄድኩ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ሥራ እፈልጋለሁ።

አንድ ቀን ፌስቡክ ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። ለባቡሩ ፕሮጀክት ዕቃ የሚያቀርብ ድርጅት ሐራ ላይ ለሚከፍተው ቢሮ የሒሳብ ረዳት ይፈልጋል ይላል። የአካባቢው ተወላጅ ለሆኑ ሴቶች ቅድሚያ ይሰጣል የሚልም አለበት። የትምህርት ማስረጃዬን በኢሜይል ላክሁ። ሳይውል ሳያድር አንድ ሰው ደወለልኝ። ስሙን አቶ ቢንያም አለኝ። ድምፁ የተረጋጋ ነው፤ አይቸኩልም፣ «እህቴ» ይለኛል። ስለ ተማርኩት ትምህርት ጥቂት ጠየቀኝና «ፈተናውን አልፈሻል» አለኝ። ማኅተም ያረፈበት የቅጥር ደብዳቤ በኢሜይል መጣ፤ ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ አሳትሜ በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩት።

ያን ጊዜ ገንዘብ ቢጠይቀኝ ኖሮ እነቃ ነበር። ሥራ እናስገባለን ብለው የሰው ብር በልተው የሚጠፉ እንዳሉ እናውቃለን፤ መርሳም እንዲህ የተበላ ሰው ነበር። አቶ ቢንያም ግን እኔ ሳልጠይቀው፣

«ስሚ እህቴ፣ ለሥራ ብሎ ብር የሚጠይቅሽ ሰው ካለ ሌባ ነው። አንድ ሳንቲም እንዳትከፍዪ!» አለኝ።

ሌባ ስለ ሌባ ሲመክር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። እንደ አባት ምክር ነው የተቀበልኩት።

ለእናቴ ስነግራት እልልታዋን በመዳፏ አፈነችው። «አንድ ሰው እንዳይሰማ» አለችኝ። «ቢሮው ገብተሽ ወንበሩ ላይ እስክትቀመጪ ለማንም እንዳትተነፍሺ። ዓይን አለ ልጄ፣ ዓይን ይበላዋል።»

ሐራ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ሚኒባስ ተሳፍሬ ካምፑ በር ላይ «እንዲህ የሚባል ድርጅት ታውቃላችሁ?» ብል በግማሽ ቀን ጉዳዩ ባለቀ። ነገር ግን በሩ ላይ ጥበቃ የሚቆሙት የእኛው አካባቢ ልጆች ናቸው። ከጠየቅኋቸው ወሬው ከእኔ ቀድሞ መርሳ ይገባል። ስለዚህ አልሄድኩም። አቶ ቢንያም ዝም በይ ብሎ ሊያስጠነቅቀኝ እንኳን አላስፈለገውም፤ ዓይን ፈርተን እኛው በራሳችን ዝም አልንለት።

ከዚያ ቼኩ መጣ። አዲስ አበባ ላይ ለመቀሌ አውቶቡስ ሹፌር ተሰጥቶ ወልድያ መናኸሪያ በታሸገ ፖስታ ተቀበልኩት። ስከፍተው ስሜ ተጽፎበታል፤ ከስሜ ቀጥሎ ያለውን የገንዘብ መጠን አባቴ ከነማንጎው ቢሸጥ አያወጣውም። ወዲያው ደወልኩ።

«አትደንግጪ» አለኝ እየሳቀ። «የሐራው ቢሮ ገና አካውንት ስላልተከፈተለት ነው በስምሽ የጻፍነው። ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያ ደሞዝሽንና የትራንስፖርትሽን ታነሺያለሽ። የቀረው የቢሮው ኮምፒውተርና ካዝና መግዣ ስለሆነ አዲስ አበባ ላለው ዕቃ አቅራቢያችን ታስገቢለታለሽ። የመጀመሪያ ሥራሽ ይኸው ነው።»

«ቼኩ ላይ ያለው የድርጅት ስም ግን ደብዳቤው ላይ ካለው ጋር አይገናኝም።»

«ጎበዝ! የሒሳብ ሰው እንዲህ ነው እንጂ። እህት ኩባንያችን ነው።»

ያሳፍራል፤ ጎበዝ ሲለኝ ደስ ብሎኝ ጥያቄዬን ተውኩት።

አካውንት ከፍቼ ቼኩን ሳስገባ መስኮት ላይ የነበረችው የባንክ ሠራተኛ አገላብጣ አየችው። «የአዲስ አበባ ቼክ ነው። እስኪጣራ ቀናት ይወስዳል፤ እስከዚያ ብሩን እንዳለሽ አትቁጠሪው» አለችኝና ማኅተም የተመታበት ደረሰኝ ሰጠችኝ። ቤት ስደርስ አባቴ ደረሰኙን ተቀበለኝ። ማንበብ አይችልም፤ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«የመንግሥት ባንክ ነው?»

«አዎ፣ አባየ።»

«እንግዲያ ብር ነው» አለና አጥፎ መለሰልኝ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ቢንያም ሲደውል ድምፁ ተለውጦ ነበር። ዕቃ አቅራቢው ዕቃውን ለሌላ ሊሸጥብን ነው አለ። ቼኩ ገና አልተጣራም ስለው፣ «ይገባኛል እህቴ፣ የባንክ ነገር እንዲህ ነው። ግን ቢሮው ሰኞ ይከፈታል። ከቤተሰብ ለጥቂት ቀን አዙረሽ ማስገባት ከቻልሽ ቼኩ ሲወጣ የራሳችሁን ታነሳላችሁ። ካልቻልሽም ችግር የለም፤ ከአንቺ ቀጥሎ ያለችውን ልጅ እንጠራለን» አለኝ።

ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር አባቴ ሁሉንም ሰምቷል። ስልኩን ዘጋሁና ማልቀስ ጀመርኩ። አባቴ ከተቀመጠበት መደብ ተነሣ።

«ምን ያስለቅስሻል? ባንክ የተቀመጠ ብር እያለሽ? አብሽሪ» አለኝና ኩታውን ደርቦ ወጣ።

ከሰዓት የሚሰገደው የአስር ሰላት ካለቀ በኋላ ተመለሰ። ብሩን በሻሽ ቋጥሮታል።

«ከየት አመጡት አባየ?»

«መርሳ ሰው አለኝ። ባንክ ያለው ሲወጣ እንመልሳለን።»

ብሩ የነጋዴ ብር አይመስልም። የአምስትና የአሥር ብር ኖት የበዛበት፣ የተጨማደደ፣ እጣንና ቅቤ የሚሸት ነው። በማግሥቱ ወልድያ ሌላ ባንክ ሄጄ አቶ ቢንያም በነገረኝ አካውንት ሳስገባው ተቀባዩ ልጅ «የቤተክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ነው እንዴ የሰበራችሁት?» ብሎ ቀለደብኝ። እኔም ሳቅሁ። አቶ ቢንያም «ደርሷል፤ ሰኞ ጠዋት ሐራ እንገናኝ» አለኝ። ያ የመጨረሻው ንግግራችን ነው። እሑድ ስደውልለት ስልኩ ዝግ ነበር። ኔትወርክ ነው አልኩ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ አዲሱን ቀሚሴን ለበስኩ። ጫማዬን ሳስር የቅሬው ጥሩንባ ተነፋ። ለፋፊው ከወንዙ ማዶ ሆኖ፣ «ሀዋ ሙሄ ወደ አኼራ ሄደች! ቅሬ ውጣ!» ይላል።

ቅሬ ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። በእኛ ዘንድ ቅሬ የሌለው ሰው እንደ ሰው አይቆጠርም። ቀብር፣ ሐዘን፣ ሰርግ፣ የእሳት አደጋ ሁሉ በቅሬ ነው። ሟቿ እትየ ሀዋ ደግሞ ከቅሬው ሌላ ማንም አልነበራቸውም። ሁለት ልጆቻቸው ባሕር ተሻግረው ድምፃቸው ከጠፋ ቆይቷል። ዶሮ አርብተው እንቁላል እየሸጡ የቅሬያቸውን መዋጮ አንድ ወር ሳያሳልፉ ይከፍሉ ነበር። መርሳ ገበያ ሲሄዱ መንገድ ላይ ካገኘኋቸው እንቁላላቸውን እያሳዩኝ «ይኼ የከፈኔ ነው» ይሉኛል፤ እንደ ጨዋታ አድርገው።

«ሐራ ቀጠሮ አለኝ» አልኳት እናቴን።

«ሬሳ ተጥሎ ሥራ የለም። ደውለሽ ንገሪያቸው» አለችኝ። ደወልኩ፤ አሁንም ዝግ ነው። አዲሱን ቀሚስ አውልቄ አብሬያት ሄድኩ።

ሴቶቹ የእትየ ሀዋን አስከሬን ለማጠብ ጓዳ ገባን። እናቴ ከአጣቢዎቹ አንዷ ናት፤ እኔ ውኃ አቀብላለሁ። ወንዶቹ ከጓሮ በኩል፣ ከግድግዳው ማዶ ተሰብስበዋል። ግድግዳው ጭቃው የረገፈ ስለሆነ የሚነጋገሩት ሁሉ ይሰማል። አጠባው አለቀ። ሬሳው የሚቀባው ሽቶ፣ ካፉሩም ተዘጋጀ። እትየ ሀዋ በራሳቸው አሮጌ ነጠላ ተሸፍነው ተጋድመዋል። የሚቀረው ለከፈኑ የሚሆነው ነጭ አቡጀዲ ብቻ ነው፤ ከመርሳ ተገዝቶ መምጣት አለበት።

ጠበቅን። አጣቢዎቹ እጃቸውን ታጥበው ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። አንዷ ነጠላውን አስተካከለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግማ አስተካከለች። ዝንብ መምጣት ጀመረ። እናቴ በሻሽዋ ታባርራለች።

ከማዶ የሼህ ሰይድ ድምፅ ተሰማ። ሼህ ሰይድ የቅሬው ዳኛ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር አብረው ያደጉ፣ አብረው ከብት የጠበቁ።

«እንድሪስ፣ ለከፈኑ ስጥና ሰው መርሳ ይሂድ። ፀሐዩ ሳይበረታ እንቅበራት።»

ይህን ስሰማ ነው አባቴ የቅሬው ገንዘብ ያዥ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ሁልጊዜ የማውቀው ነገር ስለሆነ አስቤው አላውቅም ነበር። ቅሬያችን ብሩን ባንክ አያስቀምጥም። ወለድ ሐራም ነው፤ የሙታን ብር ወለድ አይነካውም ብለው ሽማግሌዎቹ ወስነዋል። ስለዚህ የታመነ ሰው ተመርጦ ሣጥኑም ቁልፉም እሱ ዘንድ ይቀመጣል። የታመነው ሰው አባቴ ነበር። ሣጥኑ ከእህል ጎታው ሥር ነው የሚቀመጠው።

«እንድሪስ!»

«አለሁ።»

«ምነው ዝም አልክ? ብሩን እንጂ።»

በዚህ መሀል ያ የተጨማደደ ብር፣ ያ የእጣንና የቅቤ ሽታ ድንገት ተገለጠልኝ። የሰው ሁሉ የየወሩ መዋጮ ነው። የእትየ ሀዋ እንቁላልም እዚያ ውስጥ አለ። ውኃ የያዝኩበት ጣሳ ከእጄ ወደቀ።

«ሣጥኑ ባዶ ነው» አለ አባቴ።

አንድ ሰው ሳቀ። «በጀናዛ ላይ አይቀለድም፣ አያ እንድሪስ!»

«ቀልድ አይደለም። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ለልጄ ሥራ ተገኘላት። ባንክ ውስጥ በስሟ የገባ ብር አለን፤ የእኛ እስኪወጣ ብዬ ነው። ዛሬ ነገ ይወጣል። ይመለሳል። ወላሂ ይመለሳል።»

«ማንን አስፈቀድክ?» አሉ ሼህ ሰይድ።

«ማንንም።»

«እኔ እንኳን...»

«አንተን ባስፈቅድህ እምቢ ትለኛለህ። ስለማውቅ ነው ያልጠየቅሁህ።»

እኔ እናቴን አየኋት። እናቴ እኔን አላየችኝም። ቀስ ብላ ተነሥታ ሻሽዋን አጠበቀችና በወንዶቹ መካከል አቋርጣ ወጣች። ሐፍረቱን መቋቋም አቅቷት የሸሸች መስሎን ነበር። ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። ታጥፎ በላስቲክ የተጠቀለለ ነጭ ጨርቅ ይዛለች። የራሷ ከፈን ነው። ወንድሟ ሐጅ አድርጎ ሲመለስ ከመካ ያመጣላት፣ በዘምዘም ውኃ የተነከረ፣ ከሣጥኗ ሥር ለራሷ ቀን ያስቀመጠችው።

«በዚህ ክፈኗት» አለች።

«አንቺስ?» አለቻት ትልቋ አጣቢ።

«እኔ አልሞትኩም።»

እትየ ሀዋ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ጨርቅ ለብሰው አያውቁም። ሲከፍኗቸው አለቅስ ነበር፤ ለማን እንደማለቅስ ግን አላወቅሁም።

ወንዶቹ ጀናዛውን ተሸክመው እንደሄዱ ስልኬ ጮኸ። አቶ ቢንያም መስሎኝ ሮጬ ከቤቱ ኋላ ዞርኩ። ባንኩ ነው። «ያስገቡትን ቼክ በተመለከተ በአካል ይምጡ» አለኝ አንድ ወንድ። ተጣርቷል ማለት ነው አልኩ። አባቴ ከቀብር ሳይመለስ ብሩን ይዤ ብደርስ ብዬ ማንንም ሳልሰናበት ሚኒባስ ላይ ዘለልኩ። ከመርሳ ወልድያ እስክንደርስ ድረስ «ያረቢ» ከማለት ሌላ የተናገርኩት የለም።

ባንኩ ውስጥ ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል አስገቡኝ። ሁለት ፖሊሶች ተቀምጠዋል። ቼኩ ከተሰረቀ የቼክ ደብተር የተቀደደ ነው፤ ባለቤቱ ድርጅት ቀድሞ አስመዝግቦታል፤ ፊርማውም የሐሰት ነው አሉኝ። ባዶ ቼክና የሐሰት ቼክ በሕግ ምን እንደሚያስከትል ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ።

ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን የተቀበለኝ መርማሪ በዕድሜ የበሰለ፣ የደከመው ሰው ነበር።

«ይህን አቶ ቢንያም የምትይውን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«በድምፅ ብቻ።»

«ቢሮውን?»

«አላየሁም።»

«ሐራ አጠገብሽ ነው። ለምን ሄደሽ አልጠየቅሽም?»

ዓይን ፈርተን ልለው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ሰውዬው እዚያው በስልክ ካምፑን ጠየቀ። እንዲህ ያለ ድርጅትም፣ እንዲህ ያለ ቢሮም የለም። ብሩን ያስገባሁበትን አካውንትም አስጠየቀ፤ ገንዘቡ እኔ ባስገባሁበት ቀን ወጥቶ አልቋል። የተከፈተው በሐሰት መታወቂያ ነው።

«አታለውሽ ሊሆን ይችላል፤ ተባባሪያቸውም ልትሆኚ ትችያለሽ» አለኝ። «እስኪጣራ የሚወስድሽ ዋስ ከሌለሽ እዚህ ታድሪያለሽ።»

ከጣቢያው ወደ ቤት አስደውዬ ስለነበር ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አባቴ መጣ። ከኋላው ሼህ ሰይድ አሉ። የሁለቱም ልብስ የቀብር አፈር እንደያዘ ነው። መርማሪው አባቴን «እርስዎ አይሆኑም፤ በዚሁ ጉዳይ ቃልዎን እንፈልጋለን» አለው። ሼህ ሰይድ ወደፊት ራመድ አሉ።

«እኔ ዋስ ነኝ።»

«ልጅቷን በምን ያውቋታል?»

«አቂቃዋን በልቻለሁ» አሉ፤ ተወልጄ ስም ሲወጣልኝ የታረደውን ማለታቸው ነው። መርማሪው የሐብሩ ሰው ባይሆንም ገባው መሰለኝ፣ ወረቀቱን አቀረበላቸው። በቀለም በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሦስታችን ጎን ለጎን ተቀመጥን። መርሳ ልንገባ ስንል አባቴ ወደ መስኮቱ እንዳየ፣ «እኔ ማኅተም አየሁና ብር መሰለኝ» አለ። ለማን እንደተናገረው አላውቅም።

በዚያ ሳምንት ጁምዓ ቅሬው ተቀመጠ። ፍርዱን የተናገሩት ሼህ ሰይድ ናቸው፤ እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ። ሣጥኑና ቁልፉ ከእንድሪስ ቤት ይወጣል። ገንዘቡን እስኪመልስ እንድሪስ ከቅሬው ተወግዷል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ፦ ጥሩንባ ሲነፋ አንተን አይመለከትም፤ ብትሞትም አይነፋልህም። አባቴ «ፍርዱ ትክክል ነው» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር በሩን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር። ወጥቶ ቢታይ ልግባ ብሎ የለመነ ይመስልበታልና።

በሬዎቹን ሸጠ። ማንጎውን ለባለሀብት በኮንትራት ሰጠ። እኔም ወልድያ ገብቼ ያን እምቢ ያልኩትን ድንጋይ ጠረብኩ። በእኔ ጉዳይ ፖሊስ ተባባሪ አለመሆኔን አረጋግጦ ፋይሉን ዘጋው፤ አቶ ቢንያም ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ገንዘቡ ተሟልቶ የተመለሰ ቀን ቅሬው ዳግም ተቀመጠና ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «አውፍ ብለናል፣ ይቅር ብለናል» አለ። አባቴ ቆሞ ነበር።

«የእናንተን ሰማሁ። አላህ ይስጣችሁ» አለ። «የሀዋን ሐቅ ግን ማን አውፍ ይለኛል? ታጥባ፣ ከፈን አጥታ ያስጋደምኳት እኔ ነኝ።»

በሃይማኖታችን የሰውን ሐቅ ይቅር የሚለው ሰውየው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው ይቅር አይልለትም። ከዚያ ወዲያ አባቴ ጉልበቱ እያመመውም ጥሩንባ ሲነፋ ከማንም ቀድሞ መቃብር የሚቆፍር ሆነ። ይስቅ የነበረ ሰው ሳቁን ረሳ። «የተማረ ይግደለኝ» ሲል ደግሞ ሰምቼው አላውቅም።

ይህን የምታነቡ እናንተ፣ በተለይ ሥራ ፍለጋ ስልካችሁ ላይ አፍጥጣችሁ የምትውሉ እህት ወንድሞቼ፣ እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ብር የሚጠይቃችሁን ሌባ ሁሉም ያውቀዋል። እናንተ ብር የሚልክላችሁን ፍሩ። ማንም ጤነኛ ድርጅት በዓይኑ ላላያት ልጅ ቼክ ጽፎ «ደሞዝሽን አንሥተሽ የቀረውን ለእገሌ አስገቢ» አይልም። ቼክ ባንክ ገባ ማለት ብር ሆነ ማለት አይደለም፤ ያቺ የባንክ ልጅ አንድ ጊዜ ነግራኛለች፣ እኔ ለእናንተ መቶ ጊዜ ልናገር። የሚያጣድፋችሁን ሰው አስጠብቁት። እውነተኛ ሥራ እስኪጣራ ይጠብቃል፤ ሌባ ግን ቼኩ ከመመለሱ በፊት የእናንተን መውሰድ አለበት፣ ጥድፊያው ሁሉ ለዚህ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ያፈሰስነው ግን አይለቀምም። ከሁሉም በላይ ተናገሩ። ዓይን ይበላዋል ብላችሁ አትደብቁ። ካምፑ በር ላይ የቆመውን የጎረቤት ልጅ ጠይቁት፤ ወሬው ይድረስ፣ ይሳቁባችሁ፣ ግድ የለም። ለእኔ ያን ጊዜ የሳቀብኝ ሰው ቢኖር አባቴን ያተርፍልኝ ነበር።

አባቴ ባለፈው ክረምት ሞተ። ጥሩንባው ተነፋ፤ ከሐራ ከውርጌሳ ሳይቀር ሰው መጣ። ከፈኑ በሰዓቱ ደረሰ። እኔ እንደ ልማዱ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ነበርኩ። ወንዶቹ ከግድግዳው ማዶ ጀናዛውን አስቀምጠው ከማንሣታቸው በፊት ሼህ ሰይድ ሲጠይቁ ሰማሁ። ድምፃቸው አርጅቷል።

«እንድሪስ ላይ ሐቅ ያላችሁ?»

«አውፍ ብለናል!» አለ ሕዝቡ። ግድግዳው የተነቃነቀ መሰለኝ።

ከዚያ ወደ ጀናዛው ጎንበስ ብለው ይሆናል፣ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ሰማህ እንድሪስ፣ የእኛን አውፍ ብለንሃል። የሀዋን እዚያው ራስህ ጠይቃት» አሉ።

ከዚያ ቢስሚላህ ብለው አነሡት።